የመጨረሻዎቹ አራት ረድፎች

ሐሙስ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዘይባ የጓሮውን በር ስትከፍት ወለሉ አልቆ ጠበቃት።

እኩለ ቀን ላይ ከቤት ስትወጣ ከአጥሩ ስር አራት ረድፍ ጡብ ይቀረው ነበር። አሁን ግን ከቤቱ ግድግዳ አንስቶ እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ ቀይ ሆኖ ተነጥፏል። የልጇ የመሕቡባ ኒካህ ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረው። እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ አይደርስም ብላ ሰሞኑን እህል አልበላ ብሏት ሰንብቷል።

«እጅህ ይባረክ ሀቢቡ!» ብላ ተጣራች።

ጥቂት እርምጃ ገባች። ከአሸዋው ክምር ጀርባ፣ ጡብ ከሚነከርበት በርሜል አጠገብ፣ ሁለት እግሮች ተዘርግተው አየች።

ሀቢቡ የስድሳ ዓመት ግንበኛ ነበር። በቡታጅራ ከተማ ወለል በማንጠፍ የሚስተካከለው አልነበረም። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል በከባድ ነገር ተመትቷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፖሊስ ደረሰ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መሕቡባን ይዟት ሄደ።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። በልጉ ዘግይቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ነፋሱ አቧራ እያነሳ በሩን ሲያንኳኳ፣ ዘይባ ልጇ የመጣች እየመሰላት ስትነሳ ስትቀመጥ አደረች።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር መንበረ ከወልቂጤ በፖሊስ መኪና መጣች። የተላከችው ለምርመራ አልነበረም። ተጠርጣሪዋን ተረክባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ዞን እንድትመለስ ነው የታዘዘችው። ሆኖም መንበረ ራሷ ያላናገረችውን ሰው መኪና ላይ የማትጭን ሴት ናት።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት ሳጅን አበራ፤ የምርመራ መዝገቡን ከፍቶ። «እናትየው በስድስት ሰዓት ወጣች። አራት ረድፍ ይቀር ነበር። አራት ረድፍ ለማንጠፍ ለጎበዝ ሰራተኛ እንኳ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ወለሉ አልቋል። ስለዚህ ሟች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበር። ልጅቷ ከምትሰራበት ልብስ ስፌት ቤት ራሴን አመመኝ ብላ የገባችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ከእሷ በቀር ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ አምናለች።»

«ምን ብላ?»

ሳጅኑ ጣቱን መዝገቡ ላይ አድርጎ አነበበ። «‹ለሴራው ብዬ ነው ያስቀረሁት።› ፈርማበታለች።»

«ሳጅን፣ አገርህ የት ነው?» አለችው መንበረ።

«ቢቸና።»

«እዚህ ከመጣህ?»

«ሁለት ወሬ ነው።»

«ሴራ ስትልህ ምን መሰለህ?»

«ሴራ ሴራ ነዋ! የሚጎነጎነው!»

«እዚህ አገር ሴራ አይጎነጎንም፤ ይቀመጣል።» መንበረ አባቷ የእምድብር ሰው ነው። «ሽማግሌ የሚዳኝበት የአባት ሕግ ነው። ልጅቷ ዳኝነት አለብኝ ስትልህ አንተ ተንኮል አለኝ ብለህ ጻፍክ።»

የሳጅኑ ጆሮ ቀላ። «ይሁን፤ ግን ያስቀረሁት ብላለች። ሰውየውን ለብቻው አስቀርታው ነው!»

«እሱን እሷው ትንገረን።»

መሕቡባ በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሻሿን አጥብቃ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ሴራው መቼ ነው የሚቀመጠው?» አለች መንበረ፤ ሰላምታ ከሰጠቻት በኋላ።

ልጅቷ ቀና አለች። ከትናንት ጀምሮ ቋንቋዋን የሰማላት ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት። «ዛሬ፤ ከጁምዓ በኋላ። እኛ ቤት።»

«ያስቀረሽው ማንን ነው?»

«ማንን? ማንንም አላስቀረሁ! ዳሩን ነው እንጂ። በአጥሩ በኩል ያለውን አራት ረድፍ። ሀቢቡ እንዳያነጥፈው ለምኜው እሺ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስኪያዩት ድረስ።»

«ምኑን እንዲያዩት?»

መሕቡባ ከንፈሯን ነከሰች። «ሽማግሌው ሀጂ ሙስተፋ አስምለውኛል። ሴራ ሳይቀመጥ የከሰስኩትን ሰውም ነገሩንም አላወጣም። ለእሳቸውም ‹መጥታችሁ እዩ› ነው ያልኳቸው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወልቂጤ ልወስድሽ ነው እኮ ልጄ።»

«ይውሰዱኝ። የማልኩት በአላህ ነው።»

መንበረ ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «ወለሉ ማለቁን ማን ነገረሽ?»

«የቱ ወለል? አላለቀም እኮ!» አለች መሕቡባ። «ትናንት ገብቼ ተኛሁ፤ ጓሮ አልወጣሁም። ሀቢቡ ቃሉን አያጥፍም።»

መንበረ ወደ ሳጅኑ አየች። ሳጅኑ ወደ መዝገቡ አየ።

መንበረ ከሳጅን አበራ ጋር ዘይባ ቤት ስትደርስ፣ ዘይባ አንዱን ስኒ አራት ጊዜ ታጥብ ነበር። ይህን ትይዛለች፣ ያን ትተዋለች። ወንበር አቀረበች፤ እንግዳዋ ሳትቀመጥ መልሳ አነሳችው።

«ልጄን አንዴ ወልቂጤ ካስገቧት የወንዱ ቤተሰብ ኒካሁን ያፈርሳል» አለች። «አሁንም ሰው ልከው ‹እውነት ነው ወይ?› ብለዋል። ኒካሁስ ይቅር፤ ልጄ ሰው ገዳይ ተብላ ልትኖር ነው? ይህ ግቢ ሰው ይበላል፣ እቴ! ባሌን ሙባሪክን የበላው ይኸው ግቢ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ቦይ ሲጠርግ የድንጋዩ አጥር ተንዶበት ሞተ።»

«አጥሩን ማን ነበር የሰራው?»

«ወንድሙ ጀማሉ። ግድግዳ ከተባለ ከጀማሉ በላይ የለም። ‹መሠረቱን እስከ ወገቤ ቆፍሬ ነው ያቆምኩት፤ የጎርፍ ነገር ነው› ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ። ከዚያ ወዲህ እንደ አባት ሆኖ ያየናል። አሁንም ከኛው ጋር ነው፤ ሌሊቱን ሳሎን ተቀምጦ አደረ።»

«ትናንት ሀቢቡ ምሳ በላ?»

ዘይባ ወደ ጓሮው በር አጠገብ ጠቆመች። በሰሃን የተከደነ ቆጮና ጎመን እንዳለ ደርቋል። «ወደ ጎልማሶች ትምህርቴ ከመሄዴ በፊት ነው ያስቀመጥኩለት። የቀትሩን ሶላት፣ ዝሁርን፣ ሰግዶ ነው የሚበላው።»

«ሐሙስ ስለሆነ ጾሞ ነው» አለ ሳጅን አበራ፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ በሚል ድምፅ።

«አልጾመም! ስወጣ ውሃ አምጪ ብሎኝ ሙሉ ብርጭቆ ጠጣ። ‹ጎመኑ ላይ ሚጥሚጣ ጨምሪበት፤ ሰርግ ቤት እየሰራሁ እንደ በሽተኛ አታብዪኝ› ብሎም ቀለደብኝ።»

መንበረ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ወጣች። ከቤቱ ግድግዳ ተነስታ ወደ አጥሩ በቀስታ ሄደች። እግሯ ወደ ፊት ያዘነብላል። አጥሩ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ከዚያ ተንበርክካ የሀቢቡን ዕቃ መረመረች። የግንበኛ ማንካ፣ ሲባጎ፣ ጎማ የለበሰ መዶሻ፣ ውሃ ልክ። በውሃ ልኩ አንድ ጫፍ ላይ ከመኪና ካላማዳሪ የተቀደደ የጎማ ማሰሪያ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ማሰሪያው ይዞት የነበረው ነገር ግን የለም። አሸዋውን በጣቶቿ ስትበረብር ጣት የምታህል፣ በቢላ የተላገች ቀጭን እንጨት አገኘች። በፖስታ ውስጥ ከተተቻት።

ጎረቤቱ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ያዩ ነበር። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

«እርስዎ ከሟች ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለቻቸው።

«ማን አለ? አዎ ተጣልቻለሁ!» አሉ። «የሴትዮዋን ውሃ ሁሉ ወደ ግቢዬ ሊያዘነብልብኝ ነው ብዬ ጮኽኩ። በማግስቱ ‹ጋሼ፣ ከአጥሩ ስር ቦይ አወጣለታለሁ፤ ወደ መንገድ ይሄዳል› ብሎ በሲባጎ ለክቶ አሳየኝ። ታረቅን። ሰው በውሃ ይገዳደላል እንዴ?»

«ትናንት ከሰዓት ምን ሰሙ?»

«ሲቀጠቅጥ ነዋ የዋለው! ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቋ! ቋ! እንቅልፍ ነሳኝ። እስከ ዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ድረስ።»

«በሌሎቹ ቀናትም እንዲሁ ነበር?»

ሽማግሌው በአጥሩ ላይ ጎንበስ አሉ። «ስትይኝ ነው ያስታወስኩት። ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ እምብዛም አይሰማም ነበር። ዱም ዱም ነው የሚለው፤ እንደ ልብ ምት። የትናንቱ ግን ብረት ነው።»

ጀማሉ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ሳሎን ውስጥ ለለቀስተኛ ወንበር ያደላድል ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፤ እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት» አለ። «ልጃችን ንጹሕ ናት። አላህ ያወጣታል።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ለሰርጉ በሬ ልገዛ እንሴኖ ሄጄ ነበር። የዘጠኝ ሰዓቱን ሚኒባስ ነው የያዝኩት፤ ረዳቱ ያውቀኛል፣ ጠይቁት።»

«ጓሮውን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሰኞ። ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም። ማታም ፖሊስ አጥሮት ነበር።»

መንበረ ማስታወሻዋን ዘጋች፤ ጨዋታ የጀመረች መሰለች። «እኔም ወልቂጤ ወለል ላስነጥፍ አስቤ ነበር። የሀቢቡን ያህል ሰራተኛ ከየት ይገኛል?»

የጀማሉ ፊት ተፈታ። የሙያ ወሬ ነው። «አታገኚም! የሀቢቡ ወለል እንደ መስታወት ነው። እዩት እስኪ ዳሩን፤ አጥሩ ስር ያለውን። ውሃ ልክ! ሌላው ቢሆን መጨረሻ ላይ ይቸኩላል። እሱ ግን እስከ መጨረሻዋ ጡብ ውሃ ልክ አድርጎ ነው የሞተው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች መንበረ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከጁምዓ የተመለሱት ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጢማቸውን ያንዠረገጉት ሀጂ ሙስተፋና ሁለት ጓደኞቻቸው፣ ጓሮው ውስጥ በወንበር ተቀመጡ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ዞረው በበሩ ገቡ። ጀማሉ ከዘይባ ጎን ቆመ። የፖሊሱ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆሞ መሕቡባን አወረደ። ዘይባ ልትሮጥ ስትል ሳጅኑ «ቆይ እናት፤ ገና ነው» ብሎ ያዛት። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሳጅን፣ ያን ጀሪካን ከቤቱ ግድግዳ ስር አፍስሰው» አለች መንበረ።

ውሃው በቀዩ ጡብ ላይ ተንሸራተተ። ማንም ሳይገፋው፣ በአንድ ፍጥነት ወደ አጥሩ ወረደ። የመጨረሻዎቹ አራት ረድፎች ላይ ሲደርስ ግን ተኛ። ወደ ፊት አልሄደም፤ ወደ ጎን ተንጣለለ፤ ኩሬ ሆነ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። «ቦይ አወጣለሁ ብሎኝ!»

«ሀቢቡ ቃሉን አላጠፈም» አለች መንበረ። «የጓሮ ወለል ውሃ እንዲወርድ ማዘንበል አለበት። ሀቢቡ ለዚህ ዘዴ ነበረው። ከውሃ ልኩ አንድ ጫፍ ስር ይህችን እንጨት በጎማ ያስራል። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ሲቆም፣ ወለሉ በእንጨቷ ውፍረት ልክ አዘንብሏል ማለት ነው። ጎማው ተቆርጦ እንጨቷን አሸዋ ውስጥ ተጥላ አገኘኋት። አራቱን ረድፍ ያነጠፈው ሰው ውሃ ልኩ የተጣመመ መስሎት ‹አቃናው›። ራሱ ሀቢቡ የገዛ ዘዴውን አይቆርጥም።»

«እና ማነው ያነጠፈው?» አሉ ሀጂ ሙስተፋ።

«እንድረስበት ሀጂ። ሀቢቡ ጡብን የሚመታው ጎማ በለበሰ መዶሻ ነው፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግን ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የሰሙት ብረት ነው። ሀቢቡ ዝሁር ሰግዶ ምሳውን ይበላል፤ ምሳው ግን አልተነካም። መሕቡባ አራቱን ረድፍ ተውልኝ ብላው እሺ ብሏል፤ ረድፎቹ ግን ተነጥፈዋል። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሀቢቡ ሞቶ ነበር። ሳጅን፣ እኛ ወለሉን እንደ ሰዓት ቆጠርነው፤ ሰዓቱን የሞላው ግን ገዳዩ ነው። ማዘንበሉን ትቶ ተጣድፎ ስላነጠፈው ሦስት ሰዓት አልፈጀበትም። በሰባት ሰዓት መሕቡባ የት ነበረች?»

«ልብስ ስፌት ቤት» አለ ሳጅኑ በዝግታ። «አምስት ሰው መስክሯል።»



«ያነጠፈው ሰው ማንካና ውሃ ልክ መያዝ ያውቃል፤ የወለል ጠባይ ግን አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ የሰራ ሰው ነው። ለግድግዳ ውሃ ልክ መሆን ክብር ነው፤ ለጓሮ ወለል ግን ጥፋት። ወለል ሰራተኛን ‹ውሃ ልክ አደረግከው› ብትሉት እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው ይህንኑ ዳር ‹ውሃ ልክ› ብሎ አመሰገነልኝ። ከሰኞ ወዲህ አልረገጥኩትም ያለ ሰው። ሰኞ ደግሞ ዳሩ አንድ ጡብ እንኳ አልነበረበትም። ሰው የገዛ እጁን ስራ ሳያሞግስ ማለፍ ይከብደዋል፣ ጀማሉ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ጀማሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በወሬ ሰው ይታሰራል? ስለ ሙያ አወራሁ እንጂ! ሀቢቡን ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

«ያን ደግሞ ወለሉ ይናገር። ሳጅን፣ አራቱን ረድፍ አንሳቸው።»

ሳጅን አበራ ካፖርቱን አውልቆ ጎንበስ አለ። ጡቦቹ በቀላሉ ተነሱ። ከአራተኛው ረድፍ ያነሳትን አንዲት ጡብ ገልብጦ አይቶ ድንገት መሬት ላይ አኖራት። ከሥሯ ጥቁር ደም ደርቆባታል።

«የገዳዩ መሣሪያ ሲጠፋ ግንበኛ ጡብን የት ይደብቃል ብዬ አስቤ ነበር» አለች መንበረ። «አሸዋውንም ጥረግ።»

ከአሸዋው ስር የተናደው የአሮጌው አጥር የመሠረት ድንጋዮች ወጡ። ከድንጋዮቹ ስር ሌላ ድንጋይ የለም፤ ለስላሳ አፈር ነው። ሀጂ ሙስተፋ ከወንበራቸው ተነስተው ምርኩዛቸውን ከድንጋዩ ስር ሰደዱት፤ ያለ ምንም ችግር ገባ።

«እስከ ወገቡ ቆፍሯል ብሎን ነበር» አሉ ለጓደኞቻቸው። «ስንዝር አልቆፈረም። በሙባሪክ ሬሳ ላይ በሐሰት አስምለነዋል።»

«መሐላዬን ጠበቅኩ ሀጂ» አለች መሕቡባ እያለቀሰች። «ሀቢቡ ማክሰኞ ለአሸዋው ሲቆፍር አየውና አሳየኝ። ረቡዕ መስጊድ ውስጥ ለአጎቴም ነገረው። ‹የሙያ ወንድሜ ነው፤ ሳይጠሩት ራሱ ቀርቦ ይናገር፤ ዕድል ልስጠው› አለኝ።»

ጀማሉ ባነጠፈው ጡብ ላይ ተቀመጠ። «ልለምነው ነው የመጣሁት» አለ። «‹ሸፍነው፤ አንድ ቀን ብቻ› አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጡብ መንከር ጀመረ። እኔ ሙባሪክን ልገድል አይደለም መሠረቱን የተውኩት። አፈሩ ጠንካራ መስሎኝ ነው፤ ቸኩዬ ነው። ልጅቷም ሁልጊዜ በአስራ አንድ ነው የምትገባው። ቀድማ እንደምትገባ በየት አውቄ!»

ዘይባ ሳጅኑን አልፋ ሄደች። እስካሁን ስትባክን የነበረችው ሴት ጀማሉ ፊት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«የመሠረቱን ለአላህ ትቼልሃለሁ» አለችው። «ሰው ይሳሳታል። ትናንት ማታ ግን ልጄን ሲወስዷት እጄን ይዘህ ‹አይዞሽ› አልከኝ። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳሁ ስቀመጥ ውሃ ሰጠኸኝ። ማን እንደገደለው እያወቅክ። ነገም ‹አይዞሽ› ልትለኝ ነበር?»

ጀማሉ አንገቱን አላቀናም።

«መልስላት» አሉ ሀጂ ሙስተፋ። «ሴራው ተቀምጧል።»

«ልል ነበር» አለ ጀማሉ።

ሳጅን አበራ እጁን አሰረውና ይዞት ወጣ። ተመልሶ መጥቶ መዝገቡን አወጣ፤ ያቺን መስመር በሁለት ሰረዝ ሰርዞ ከጎኗ ፈረመ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አላት መሕቡባን፤ «አስተርጓሚ መጥራት ነበረብኝ።»

መሕቡባ ወደ በሩ አቅጣጫ ልትሄድ ስትል ዘይባ ክንዷን አፈፍ አደረገች። መኪናው በሩ ላይ ነበር፤ የኋላው በር ጀማሉን ለማስገባት ተከፍቷል።

«ወዴት ነው?»

«ፊቴን ልታጠብ፣ እማዬ። ባልዲው እዚያ ነው።»

«እኔ አመጣልሻለሁ። አንቺ ወደዚያ አትጠጊ።»

በሩ ተዘጋ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወደ ወልቂጤው መንገድ ታጠፈ። መንበረ በሚቀጥለው ሚኒባስ እንደምትሄድ ነግራቸው ጫማዋን ማሰር ያዘች፤ ዘይባ ግን የልጇን ክንድ እንደያዘች ነበር።

«አልቋል እኮ፣ እናት» አለቻት መንበረ። «ይልቀቋት።»

«እሺ» አለች ዘይባ። «መጀመሪያ የመኪናው ድምፅ ይጥፋ።»